በንድፉ ላይ የተፋቀው ስፍራ

በእልፍራን ምድር ክፉ ሁሉ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ደግ ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ከተራራው ሥር የሚኖረውን ዘንዶ ሸረምባን አስሮ የያዘው በመሐላው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ነበር። አንድ ማለዳ ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ዘንዶ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ሲያፈጥ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን የአንገራ ወንዝ ደረቀ፤ እስሩ ላልቶ ሸረምባ እየጠጣው ነበር።

ሥዕሉን ከሃያ ዓመት በፊት የሣለው መምህር አርከል ነው። ልጁ ሰብልያ አምስት ዓመት ሲሆናት ዓይኑ ጠፋ፤ ብሩሹን እሷ ወረሰች። ንጉሥ ዳርሞን ሥዕሉን ለማስጠገን የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ሲጠይቀው «ተሰርቀዋል» አለ። ሕዝቡም «ሆን ብሎ አጉድሎ ሥሎታል» እያለ ያንሾካሽክ ጀመር። ሰብልያ ይህን ስትሰማ ከዙፋኑ ፊት ቆማ ማለች፦

«ንድፎቹን ሳላመጣ ቀለም ብነካ እጄ ይድረቅ! ስሕተቱን አገኛለሁ፤ የአባቴንም ስም አነጻለሁ።»

ከጦረኛው ከቱርጃ ጋር ሦስት ቀን ተጉዛ አባቷ ይሠራበት ከነበረው ዋሻ ደረሰች። የሸረምባ ጭፍሮች በእሳት ክንፍ ወረዱባቸው።

«አንቺ ግቢ፣ በሩን ለእኔ ተዪው!» አለ ቱርጃ ጋሻውን እያነሳ። «ከሞትኩ ግን አሳምረሽ ሣይኝ፤ አፍንጫዬን አሳንሺልኝ!»

ከውስጥ ሦስት የብራና ንድፎች አገኘች፤ በሟች እናቷ መቀነት ታስረዋል። ሌባ እንዲህ አያስርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ልቧ ያኔውኑ ፈራ።

ከመቀነቱ ክር እየመዘዘች በንድፉ ላይ በተሣለው በእያንዳንዱ ጦርና በእያንዳንዱ ጦረኛ እይታ አቅጣጫ ዘረጋች። ክሮቹ ሁሉ፣ የጎጆ ወራጆች ምሰሶው ላይ እንደሚገናኙ፣ ከዘንዶው ደረት ሥር አንድ ባዶ ስፍራ ላይ ተገናኙ። በአገሩ ልማድ ከሥዕል ግርጌ ስፍራ የሚተወው ላሠራው ሰው ነው፤ ስለዚህ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ንጉሡ እዚያ ቆሞ ተሥሎ ነበር። ክሮቹ ግን የተገናኙት በቆመ ሰው ፊት ሳይሆን በወገቡ ቁመት ላይ ነው። ስፍራው ለተንበረከከ ሰው የታሰበ ነበር።

ሦስተኛውን ብራና ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ስፍራው ባዶ አልነበረም፤ ተፍቋል። ከፍቀቱ ሥር አንድ ሰው ተንበርክኮ፣ በግራ እጁ ብሩሽ ይዞ ይታያል። አባቷ ግራኝ ነው። ከአጠገቡ በከሰል የታተመ የሕፃን እግር አለ፤ ከመዳፏ ያንሳል። የማን እንደሆነ ሲገባት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቱርጃ ግማሽ ጋሻ ይዞ፣ ቆስሎ ወደ ከተማ መለሳት። ሸረምባ ከከተማው ቅጥር ደርሶ ነበር።

«አባባ፣ አልተሰረቁም» አለችው በመሐላው አዳራሽ፣ በንጉሡ ፊት።

«አልተሰረቁም። ዘንዶውን የሚያስረው የሠዓሊው ነፍስ ነው፤ እዚያ ስፍራ የተሣለ አይመለስም። ይህን አውቄ ጀመርኩ። ልጨርስ ስል አንቺ ተወለድሽ፤ ፈራሁ። ንጉሡ ‹ስፍራው የእኔ ነው› ሲል ዝም አልኩ። ያለ ሠዓሊ ነፍስ እስሩ ከሃያ ዓመት አላለፈም።»

«እኔም ሠዓሊ ነኝ። እኔ ልግባ!»

«መስመሩን ያሰመረው የእኔ እጅ ነው፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ድምፅሽን ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል። አሁን ሣይኝ። አገር አታልያለሁና ፊቴን ወደ ጎን አድርጊው፤ በአንድ ዓይን።»

ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ «የእኔን ምስል ፋቂው» አለ፤ ፋቀችው።

የአባቷን ጉልበት ስትሥል ጉልበቱ ከአዳራሹ ጠፋ። ግራ እጁን ስትሥል የያዛት እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀለለ። ፊቱ ብቻ ቀረ። ፊት ለፊት ሣለችው። የመጀመሪያውን ዓይን ስትጨርስ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ጩኸት ረገበ። ሁለተኛውንም ሣለች።

ለአንድ እስትንፋስ ያህል አባቷ አያት።

«አድገሻል» አለ። ከዚያ ፊቱም ከአዳራሹ ጠፋ።

በግድግዳው ላይ ዘንዶው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ተኛ። ወንዙ ተመለሰ፤ ሕዝቡ እየዘመረ ወደ ውሃው ወረደ። ሰብልያ አልሄደችም። የቀረውን የመቀነት ክር አንስታ አንዱን ጫፍ ከአባቷ ዓይን ሥር ይዛ ዘረጋችው። ክሩ በጦሮቹም በዘንዶውም ላይ አላረፈም። ከግድግዳው ወጥቶ እሷ ላይ ደረሰ።