ባሻ ሽብሩን የገደለው ማን ነው?

ባሻ ሽብሩን ማን እንደ ገደለው ከነቀምቴ ሕዝብ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ደራርቱ ነኝ። አስተማሪዎቹ አላወቁም፤ ፖሊሶቹም አላወቁም። እኔ ግን ከአምስተኛ ክፍል ሳላልፍ፣ ከሁለት ጆሮዎቼ በቀር ምንም ሳልይዝ ደረስሁበት።

ባሻ ሽብሩ የሬድዮ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የጃንሆይ ዜና ካለቀ በኋላ፣ በአቶ ዘነበ ሱቅ በር ላይ ተኮልኩለን የምንሰማው አስቂኝ ድራማ አለ። ባሻ ሽብሩና አቶ ከልካይ የሚባሉ ሁለት የሬሳ ሳጥን ሻጮች ሬሳ ሲሻሙ ነው ነገሩ። አንድ ቅዳሜ ግን ባሻ ሽብሩ በራሱ ሱቅ፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ ሞቶ ተገኘና ድራማው እዚያ ላይ ተቋረጠ። የሚጠረጠሩት ባላንጣው ከልካይ፣ ሚስቱ ወይዘሮ ስመኝና የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አበጋዝ ናቸው። ከተማው በሙሉ «ከልካይ ነው!» አለ።

ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን የሰፈራችን ሳጥን ሠሪ ኦቦ ታፋ ሞቶ ተገኘ። እሱም በራሱ ሱቅ፣ በራሱ ሳጥን ውስጥ። ያገኘው ሌላው ሳጥን ሠሪ ኦቦ ዱቤ ነው። ሁለቱ ገበያ መሀል ሲሰዳደቡ ያልሰማ ስለሌለ፣ የድራማው ደራሲ በነቀምቴ ሲያልፍ እነሱን አይቶ ነው የጻፈው እየተባለ ድሮም ይወራ ነበር። አሁን ደግሞ ከልካይ ሽብሩን ከገደለ ዱቤም ታፋን ገድሏል ተባለ። ታፋ የተቀበረው በዚያው በተገኘበት ሳጥን ነው። በቀብሩ ላይ ብዙ ያለቀሰ የለም፤ ሁሉም ዱቤን ያይ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዋቅወያ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ዱቤን ለመሰረዝ መከረ። «ቅዳሜ ሬድዮው ይናገርና እንወስናለን» ተባባሉ። ከእድር የተሰረዘ ሰው በሞቱ ቀን የሚሸከመው የለም። ዱቤ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሳጥን ሲሠራ ኖሮ፣ እሱ ያለ ሸካሚ ሊቀር ነው።

ከልካይን ነፃ ካወጣሁት ዱቤም ነፃ ይወጣል ብዬ ምርመራዬን ጀመርሁ።

መጀመሪያ አቶ ዘነበን ጨው ሲመዝን ያዝሁት።

«ጋሼ ዘነበ፣ ባለፈው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ምን ሰሙ?»

«ሚስትየዋ ስትጮህ ነዋ!»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የሳጥኑ ክዳን ሲጥ ሲል።»

«ከዚያም በፊት?»

«ጥሩምባ። እንዲያውም የሰፈር ሰው የሞተ መስሎኝ ቆቤን አውልቄ ነበር። ምነው፣ አንቺ ልጅ፣ ሚዛኑን ልታሳስቺኝ ነው?»

ከዚያ ወደ እድራችን ጥሩምባ ነፊ ወደ ጋሼ ፉፋ ሄድሁ።

«ጋሼ ፉፋ፣ ሳይነገርዎ ነፍተው ያውቃሉ?»

«አብደሻል? ሬሳው ታይቶ፣ ሰው ተልኮብኝ ነው የምነፋው። በቁም ሰው ላይ ብነፋማ በድንጋይ ይወግሩኛል።»

«ለታፋስ ማን ነገረዎት?»

«ዱቤ መጣ» አለ። «አንድ ቃል አልተናገረም። ጥሩምባዬን ከግድግዳው አውርዶ ሰጠኝ።»

የምፈልገውን አግኝቼ ስለ ነበር ጥዬው ሮጥሁ።

ኦቦ ዱቤ መላጊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። አይልግም። የነሐሴ ዝናብ በበሩ ገብቶ ወለሉን አጨቅይቶታል። ፊቱ ላይ ኀዘንም ቁጣም የለም፤ ልክ እንደ ተላገ ጣውላ ነው። አጠገቡ በሁለት የቆርቆሮ ሳህን የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ቀርቧል።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ዱቤ?»

«ደህና።»

«ይሄኛው ሳህን የማን ነው?»

«ብዪው። ባለቤቱ አይመጣም።»

በላሁት። ርቦኝ ነበር።

«ከልካይ ሽብሩን ከልቡ የሚጠላው ይመስልዎታል?»

«ታፋ እኮ ደረቱን ሲያመው ሰንብቷል» አለ ግድግዳውን እያየ። «ወለሉ ሲረጥብ ደግሞ ሁለታችንም ሳጥን ውስጥ ነው ጋደም የምንለው። ያን ቀንም…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ኦቦ ዱቤ! መጀመሪያ ሽብሩን እንጨርስ።»

ባዶውን ሳህን ከፊቴ አነሣ።

ቅዳሜ ዕለት ሬድዮው ሳይከፈት ሰው ሁሉ በአቶ ዘነበ በር ተሰበሰበ። ለዱቤ ቦታ የለቀቀለት ስላልነበረ ጫፍ ላይ ዝናብ እየመታው ቆመ። የታፋ ሚስት አዴ ወርቂቱ ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እኔ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጣሁ።

«ወገኖቼ! የሽብሩ ሚስት የጮኸችው ክዳኑን ከፍታ ሬሳውን ስታይ ነው፤ አይደለም?»

«ነው!»

«ጥሩምባውስ መቼ ተነፋ?»

አቶ ዘነበ ቀስ ብሎ «ክዳኑ ሳይከፈት» አለ።

«ጋሼ ፉፋ፣ ሬሳ ሳይታይ ይነፋል?»

«በፍጹም!»

«እንግዲያው አበጋዝ፣ ሽብሩ መሞቱን ማንም ሳይነግረው አውቋል። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን።»

«ከልካይስ?» አለ ኦቦ ዋቅወያ።

«ከልካይ ያለ ከዘራ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ በየሳምንቱ ኳ ኳ ሲል ነው የምንሰማው። ያን ቀን ከዘራ የሰማ አለ?»

«የለም!»

«ሚስትየዋም ገና ከገበያ መግባቷ ነበር፤ ዘንቢሏን ስታወርድ ሰምተናል።»

«አበጋዝን ሽብሩ ምን በድሎት ይገድለዋል?» አለ ደግሞ ኦቦ ዋቅወያ።

«ረሱት እንዴ? ሽብሩ ከአሥመራ ድምፅ ማጉያ አስመጣለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ድምፅ ማጉያ ከመጣ ጥሩምባ ማን ይፈልጋል?»

ሬድዮው ተከፈተ። አበጋዝ በዳኛ ፊት እያለቀሰ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ልክ እንዳልሁት። ሰው በጭብጨባ አበደ። አቶ ዘነበ እንኳ፣ ያ ቆንቋና፣ ከረሜላ በተነ። ኦቦ ዋቅወያ ከወንበሩ ተነሥቶ ራሴን ዳሰሰኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተባረኪ! ከልካይ ንጹሕ ነው። ዱቤም ከእድሩ አይወጣም» አለ።

ከሳጥኑ ዘልዬ ወረድሁና ወደ ዱቤ ሮጥሁ።

«ኦቦ ዱቤ፣ ነፃ አወጣሁዎት እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ነፃ ያወጣሽው ከልካይን ነው» አለ። «ወዳጄ እንዴት ሞተ ብሎ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልጠየቀኝም፤ አንቺም ጭምር።»