የፀጉር ቤቱ በረራ

እህቴ ሰውን ሁሉ በአውሮፕላን ትልካለች እንጂ እሷ ራሷ ከመሬት ተነስታ አታውቅም። ይሄን ለደንበኞቿ እንዳልናገር አስምላኛለች። ለእናንተ እንዳልጽፍ ግን አላስማለችኝም።

የምትሠራው ከአባባ ፀጉር ቤት ጎን ባለች ጠባብ የትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ሁለቱን ቤቶች አንድ ቀጭን መተላለፊያ ያገናኛቸዋል። አባባ ፀጉር ያስተካክላል፣ እታለም ትኬት ትቆርጣለች፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጋር ከተኳረፍን ወዲህ የወደቀውን ፀጉር እጠርጋለሁ።

የእታለም ሥራ ቀላል ይመስላል። ቀጥታ ለሚሄድ ሰው፣ አዎ፣ ቀላል ነው። ጣጣው በሕይወቱ በሮ የማያውቅ ሰው ሁለት ቦታ አውሮፕላን ሊቀይር ሲመጣ ነው።

«ረከሰ ብላችሁ ለየብቻው የተቆረጠ ትኬት እንዳትገዙ» ትላቸዋለች። «አንደኛው ከዘገየ ሁለተኛው አያውቃችሁም። ሁሉም በአንድ ትኬት ላይ ከሆነ ግን፣ ቢያመልጣችሁ በሌላ ይጭኗችኋል።»

እነሱም ገብቷቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አመስግነው ይወጣሉ፣ ከዚያ ከበሩ ተመልሰው «ለመሆኑ ሻንጣዬን መሀል ላይ ማነው የሚያወርድልኝ?» ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አዝራር መጡ። ከመንገዱ ማዶ ክርና አዝራር የሚሸጡ ሴት ናቸው። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። ፍሪጅ ይጠግናል። እኔ ቆፈን ብዬዋለሁ። ሲቀመጥ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከትና ዝም ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በረዶው እስኪቀልጥ ተጠብቆ ነው።

«ልጄ ወልዷል» አሉ እትዬ አዝራር። «ሄጄ የልጅ ልጄን ላቅፍ ነው። ታዲያ መንገዱ ላይ ሁለት ቦታ ትወርጃለሽ አሉኝ። እኔ እንኳን ሁለት፣ አንድም ቦታ ወርጄ አላውቅ!»

ቆፈን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልጃቸው ለእኔም ግብዣ ልኳል፤ ቪዛውም ወጥቶልኛል። ብቻቸውን የማይችሉ ከሆነ አብሬ እሄዳለሁ። እዚያ የበረዶ መጋዘን ውስጥ ሥራ ይዞልኛል። ከሄድኩ ግን የሦስት ዓመት ውል ነው።»

እታለም ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። የመተላለፊያው በር ክፍት ስለነበር የአባባ ትልቁ መስታወት ወለል ብሎ ይታያል። እሷና ቆፈን እዚያ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ፊት ለፊት ሆነው በመስታወት ዞረው ይተያያሉ!

«የእትዬን ትኬት ዛሬ እቆርጣለሁ» አለች፣ ጆሮዋ ቲማቲም መስሎ። «ለእርስዎ ቦታ ብቻ እይዛለሁ። እስከ ዓርብ አመሻሽ ካልከፈሉ ራሱ ይሰረዛል። እስከዚያ እትዬን እናሠልጥናቸው። ከቻሉ ብቻቸውን ይሄዳሉ።»

«ካልቻሉስ?»

«ካልቻሉ… እርስዎም ይሄዳሉ።»

«በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋቸው ሰው ማዘዝ አይቻልም?» አልኩ እኔ፣ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ።

እትዬ አዝራር ወደ እኔ ዞሩ። «ማንን ነው የሚገፋው? እግሬ ምን ሆነና! አንቺ ቀበጥ፣ በቁሜ አልጋ ላይ አዋልሽኝ እኮ!»

ሥልጠናው በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ ተጀመረ። የአባባ ሦስት ወንበሮች አውሮፕላን ሆኑ። ቀበቶ የለማ፣ ደንበኛ አንገት ላይ የሚታሰረውን ነጭ ጨርቅ ወገባቸው ላይ አሰርንላቸው። መተላለፊያው ትራንዚት ነው። እዚያ ያሉት ሦስት በሮች ላይ ቁጥር ለጠፍኩ፤ አንደኛው የትኬት ቢሮው፣ ሁለተኛው የዕቃ ቤቱ፣ ሦስተኛው የመጸዳጃው። ከፀጉር ቤት ተነስተን፣ በመተላለፊያው አልፈን፣ የቢሮው አግዳሚ ላይ እንበራለን። ከዚያ እንደገና በመተላለፊያው ተመልሰን የአባባ ወንበር ላይ እንሳፈራለን። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን የምናርፈው ከተነሳንበት ፀጉር ቤት ነው። ፈታሽም፣ አስተናጋጅም፣ በር ቁጥር የምትቀይር ሰሌዳም እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ አዝራር ትራንዚት ላይ ቆመው «ሻንጣዬን ካላመጣችሁ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

«እትዬ፣ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የመጨረሻውን ከተማ ስም ይዟል» አለች እታለም። «ሲያስረክቡ ወረቀቱን ያንብቡ። ከዚያ በኋላ እሱ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ እርስዎ በራስዎ።»

ሻንጣውን ተማሩ። በማግስቱ ሰሌዳውን ሳያዩ የተሳሳተ በር ላይ ተቀመጡ። ሰሌዳውንም ተማሩ። በሦስተኛው ቀን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተው መጡ። በአራተኛው ቀን መጸዳጃ ቤቱን ከፍተው «በዚህኛው አውሮፕላን ውስጥ መቀመጫው አንድ ብቻ ነው፣ አልሳፈርም!» አሉ።

አባባ መቀሱን ጥሎ ሳቀ። ቆፈንም ሳቀ። እታለም ግን አልሳቀችም።

ያን ቀን ትራንዚት ላይ መጠበቅን ልታስተምራቸው ብላ መተላለፊያው ውስጥ በእውነት አስቀመጠቻቸው። «በሁለቱ በረራዎች መሀል ሦስት ሰዓት አድርጌልዎታለሁ። ብዙ ሰው አጭሩን ይወዳል፤ ከዚያ ሲሮጥ ያመልጠዋል። እርስዎ ከበሩ ሳይርቁ አርፈው ይጠብቁ።» እሷና ቆፈን እዚያው መተላለፊያው ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትተው።

መስታወቱ ውስጥ እሱ ሲያያት እሷ ጫማዋን ታያለች፤ እሷ ስታየው እሱ ኮርኒሱን ያያል።

«ይሄን ሁሉ ሰዓት ሰው ምን ይሠራል?» አለ በመጨረሻ።

«ያወራል።»

«ከማን ጋር?»

«አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር።»

እትዬ አዝራር አንገታቸውን አሰገጉ። ቆፈን አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ቢሮሽ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ይጮሃል። ልየው?»

እትዬ አዝራር ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ግፊታቸው የተነሳ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እታለም መጥረጊያዬን ቀምታኝ ወለሉን ትጠርግ ጀመር። ጠረገች፣ ጨረሰች፣ እንደገና ከጥጉ ጀመረች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ድሮ ደንበኛ ሲሳሳት እንዲህ አትሆኚም ነበር።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ወለሉ ሊሳሳ ነው እኮ!»

መጥረጊያውን ተደግፋ ቆመች። «ግራ ገባኝ። እትዬ እንዲችሉ የምፈልገው ለእሳቸው ብዬ ነው፣ ለእኔ? ለእኔ ከሆነስ? ያልቻሉትን ችለዋል ብዬ ብልካቸውና መሀል መንገድ ላይ ቢጠፉስ? ደግሞ እሱ… እሱ መሄድ ይፈልግ፣ አይፈልግ፣ ምኑም አይታወቅ።»

«እሱስ መሄድ አይፈልግም።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ በምን ታውቂያለሽ?»

«መስታወቱን የምወለውለው እኔ አይደለሁ? ምን እንደሚታይበት አውቃለሁ።»

ፎጣ ወረወረችብኝ። ግን እኔም ብሆን ግራ ገብቶኝ ነበር። የአዝራር ሱቅ ውስጥ ያን ሁሉ ጥቃቅን ነገር በቀለምና በቀዳዳ ለይተው ሳያዩ የሚያወጡ ሴት፣ ሦስት በር እንዴት ይጠፋቸዋል?

ዓርብ ደረሰ። እትዬ አዝራር ዓርብም ወደቁ። የእጅ ሰዓታቸውን ወዳረፉበት አገር አቆጣጠር ሳይቀይሩ «ገና ነው» ብለው አግዳሚው ላይ ተኙ፤ አውሮፕላኑም ጥሏቸው ሄደ። ማለት፣ እኔ ነኝ ጥያቸው የሄድኩት።

እታለም ወደ ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይክፈሉ» አለችው። «ሰዓቱ ሊያልፍ ነው። አብረዋቸው ይሂዱ።»

ቆፈን በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። «ሌላ የምትይኝ የለም?»

«ምን ልበልዎት? ብቻቸውን አልልካቸውም። ለራሴ ብዬ ትልቅ ሴት መንገድ ላይ አላስቀርም!»

ከአፏ አምልጧት ነው። የአባባ መቀስ ቆመ። የሚጮኸው ፍሪጅ እንኳ ፀጥ ያለ መሰለኝ።

«ለራስሽ?» አለ ቆፈን በቀስታ።

የእታለም ዓይን እንባ ሞላ።

በዚህ ጊዜ እትዬ አዝራር ከአግዳሚው ብድግ አሉ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ የለም። «ቆዩ! ማንም ምንም እንዳይከፍል። አንድ ጊዜ በርሬ ልምጣ።»

የእጅ ቦርሳቸውን አነሱ። ሄደው የአባባ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጩን ጨርቅ ራሳቸው አሰሩ፣ ፈቱ፣ ወረዱ። መተላለፊያው ጋ ሲደርሱ ተንኮሌ ተነሳና የበሩን ቁጥር ቀየርኩ። ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩና ወደ ትክክለኛው በር ዞሩ።

«እትዬ፣ ሻንጣዎትን ረሱ!» አልኩ።

«ሂጂ ወዲያ! ሻንጣዬ የመጨረሻው ከተማ ላይ ይጠብቀኛል። መድኃኒቴ በእጄ ነው፣ ሹራቤም። ሰዓቴን አስተካክያለሁ። የደንብ ልብስ ያልለበሰ ሰው ደግሞ ናልኝ ቢለኝ አልከተልም። አንቺ የያዝሽው መጥረጊያ ነው!»

ሁለተኛውንም ትራንዚት እንዲሁ አለፉና ፀጉር ቤቱ ውስጥ አረፉ። አባባ አጨበጨበ።

እታለም ከኋላ ከኋላቸው መጥታ አፏን ይዛ ቆማለች። «መቼ ነው የተማሩት?»

«በሁለተኛው ቀን።»

«ታዲያ ለምን…»

«በሁለተኛው ቀን አልፌ ቢሆን ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን ምን ብላችሁ ልትገናኙ ነበር? ይሄን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ውሃ ጠማኝ ለማለት እንኳ ሁለቴ መጠየቅ አለበት። ጊዜ ልስጠው ብዬ በስተርጅና መጸዳጃ ቤት ልሳፈር ሄድኩለት። እሱ ስለ ፍሪጅ አወራ!»

ያኔ ነው የበራልኝ። የማያውቅ ሰው ያንኑ ስህተት ይደጋግማል። እሳቸው ግን በየቀኑ አዲስ ስህተት ነበር ይዘው የሚመጡት። ሱቃቸው ውስጥ ሲመርጡ የሚያድሩ ይመስል!

«ደቂቃዎች ናቸው የቀሩት» አለች እታለም። «ቦታው ይሰረዛል።»

ቆፈን ከመስታወቱ ላይ ዓይኑን አነሳ። ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ እሷን አያት፣ ያለ ምንም መስታወት፣ ፊት ለፊት። እሷም አላቀረቀረችም።

«ይሰረዝ» አለ።

«ሥራውስ? ውሉስ?»

«የሚበላሽ ፍሪጅ እዚህም ሞልቷል።» እኛ ሁላችንም በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቅን። «እኔ መሄድ ፈልጌ አላውቅም። አንድ ቀን ቅሪ ብትይኝ… ማለቴ፣ ቅር ብትይኝ እያልኩ ነበር የምመጣው። እነሆ ሥልጠናው አለቀ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልምጣ?»

እታለም ወደ አባባ ዞረች።

«ፀጉርህ ጆሮህን ሊሸፍን ነው» አለ አባባ፣ መቀሱን እያራገፈ። «እኔ ቤት ለመምጣት ምክንያት አይጠየቅም።»

እትዬ አዝራር ብቻቸውን ሄዱ። ከመጀመሪያው ትራንዚት ሲደውሉ «በሩን ቀየሩት፣ አየኋቸው!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። የተመለሱት የልጅ ልጃቸው ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው። ሲመለሱም ከዚያው ትራንዚት ደወሉ። እታለምና ቆፈን አግዳሚው ላይ ስለነበሩ ስልኩን እኔ አነሳሁት። መሀላቸው የነበረው ክፍት ቦታ የት እንደገባ እንጃ።

«እንዴት ናቸው?» አሉኝ። «ያወራሉ?»

«ያወራሉ፣ እትዬ።»

«ስለ ምን?»

ጆሮዬን ወደ መተላለፊያው አዘነበልኩ።

«ስለ ፍሪጅ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ምስኪን፣ ያን ሁሉ ስህተት በከንቱ የሠሩ መስሏቸዋል።

«አይዞዎት፣ እትዬ» አልኳቸው። «ለአዲሱ ቤታቸው ትልቁን እንግዛ ትንሹን እየተባባሉ ነው።»