ሮዝ ክዳን ያለው ብልቃጥ

ክው አልኩ። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት፤ ወይ ፍንክች!

ሮዝ ክዳን ያለው ብልቃጥ የእሱ ነበር።

እሱ ማለት ከሕሙማን ወገብ በመርፌ የሚቀዳውን የአከርካሪ ፈሳሽ በበረዶ ሣጥን የሚያመጣልን ነርስ ነው። ሣጥኑን ይዞ በገባ ቁጥር «ቀስ! ቀስ!» ስለሚል ላቦራቶሪው «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ፍቅራችንም እንደ ስሙ ነው። ዓመት ሙሉ በሣጥኑ አሻግረን ተያየን፤ ከዚያ ሻይ፤ ከዚያ ረጅም የእግር መንገድ።

«እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው መቼ ነው?» እለዋለሁ።

«ደርሷል። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ» ይለኛል።

አንድ ነገር የሚለው የአባቱ በሽታ ለእሱም ይተርፍ እንደሆነ ነው። አባቱ ገና ጎልማሳ ሳሉ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። እኔ ደግሞ የምለካው ያንኑ በሽታ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽናችን በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። አንዱ ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ፈሳሽ ውስጥ በብዛት አለ፤ በበሽተኛው ግን አንጎል ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀር ፈሳሹ ውስጥ ያንሳል። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰው ስንፈልግ፣ «እኔ አለሁ፤ ውጤቱንም ከአንቺ አፍ ልስማ» አለ።

ውጤቱ ከጤነኛ ሰው ግማሽ በታች ነበር።

ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«አባዬ እማዬን ‹ሴትዮ፣ ቤትሽ አትሄጂም? መሸብሽ እኮ› ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺን እንዲህ ከምልሽ ዛሬውኑ እንለያይ።»

«ለእኔ የምትወስንልኝ አንተ ማነህ?»

ሣጥኑን አንስቶ ወጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ» ሳይል።

ዱብ ዕዳ ወረደብኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ብልቃጡን ልጥለው አነሳሁት። ያን ጊዜ ሌላ ድንጋጤ ያዘኝ። የእኛ ብልቃጦች ክዳን በሙሉ ሰማያዊ ነው!

ደወልኩለት።

«ይሄን ሮዝ ከየት አመጣኸው?»

«ከደም ምርመራ ክፍል። ከሰማያዊው ወደ እሱ ገለበጥኩት... ሮዝ ትወጃለሽ ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?»

ያ ፕሮቲን እንደ ሙጫ ነው። የማይሆን ፕላስቲክ ካገኘ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በገለበጡት ቁጥርም ይቀንሳል። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሮዙን ክዳን ሳይ እሱን እንጂ ፕላስቲኩን መቼ አየሁ?

ዳግመኛ ተቀዳ፤ በሰማያዊ ክዳን። ማሽኑ ሊጨርስ ሲል ስክሪኑን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ሳናይ መልስልኝ። ታገባኛለህ?»

«ቢያንስስ?»

«ቢያንስም ባያንስም ነው የምልህ። ‹ማን ነሽ› ብትለኝ ስሜን እነግርሃለሁ። ምን ይከብዳል?»

የሸፈንኩትን ስክሪን አየ፤ እኔን አየ።

«አገባሻለሁ» አለ፣ በስንት መከራ።

እጄን አነሳሁ። ቁጥሩ ሙሉ ነበር።

እሱ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «ቀድሜ ነው ያልኩት! ኋላ ቁጥሩን አይቶ ነው እንዳትዪኝ!» እያለ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። የዛሬ ቁጥር የነገ ዋስትና እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ሳቅን።

አሁን እሁድ እሁድ አባቱን እንጠይቃለን።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?» ይላሉ።

«ሚስቴ ናት፣ አባዬ።»

ክው ይላሉ። «አግብተህ ነው? ለእኔ ሳትነግረኝ?» ብለው ይቆጣሉ፤ ቁጣው ሳይበርድ በደስታ ከወንበራቸው ይነሳሉ። እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ይሉናል። እኛም ጎንበስ ብለን አሜን እንላለን።

በሳምንቱ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ፤ እንደ አዲስም ይመርቁናል። እንደ እኛ የተመረቀ ባልና ሚስት ያለ አይመስለኝም።