የየካቲት አሥራ ስድስቱ ጉም

ወርቅአገኘሁ ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን ያጠፋብኝ በጉም ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

በ1955 ዓ.ም. አንኮበር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረአብ ስለ ትዳር ማንሣት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ ግን ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፤ ጉም እመዘግባለሁ። ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሜ፣ በአልዩ አምባ በኩል ከቆላው የሚነሣው ጉም ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደለቀቀ፣ ዝናብ ተከትሎት እንደሆነና እንዳልሆነ በደብተር እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት አንድም ቀን አልዘለልኩም። ጎረቤቶቻችን «የመሪጌታን ልጅ ምን ነካት?» ይሉ ነበር።

ወርቅአገኘሁ ያገኘኝ እዚያው ጉብታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነበር። ኅዳር ላይ ተማሪዎቹን የድሮውን የቤተ መንግሥት ቦታ ሊያሳይ አምጥቷቸው ሳለ፣ እነሱን ትቶ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ይጽፋሉ?» አለኝ።

«ጉም እቆጥራለሁ።»

«ጉም ይቆጠራል እንዴ?»

«ለማይሰንፍ ሰው ይቆጠራል።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከታች ያለውን ረጅም ጥድ አሳየሁት፤ ጥዱ ሲሰወር ደርሷል፣ ሲታይ ለቋል። ጥዱን ትክ ብሎ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ደብተሬ ቁም ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ልቤ የሄደው ያኔውኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር፤ «እርስዎ» መባባሉም ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆንን። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የአልዩ አምባን ቁልቁለት አብረን ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ መጥቶ ዋጠን።

«እጅሽን ስጪኝ፤ ገደል አለ» አለኝ።

ሰጠሁት። ገደሉን አልፈን ለጥ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስም አልለቀቀኝም። እኔም አላስታወስኩትም። ቆም ብሎ «አመተ ማርያም...» አለና ትንፋሹን ሳበ። በዚህ መሐል ኩብራ፣ የአልዩ አምባዋ ጨው ነጋዴ፣ ከነአህያዋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች።

«አስተግፊሩላህ! ሰው ናችሁ ወይስ ጂን?»

ሦስታችንም ሳቅን። ሊለኝ የነበረው ነገር በዚያው ቀረ። እኔም ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ደብተሬን ሞላሁ።

በመስከረም የሦስት ዓመቱን መዝገብ በሠላሳ ገጽ ጽፌ፣ በታይፕ አስመትቼ፣ አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ የጥናት መጽሔት ላክሁ። ለወርቅአገኘሁ አልነገርኩትም። ታትሞ ሲመጣ ጉልበቱ ላይ ላስቀምጥለት ነበር ሐሳቤ።

ኅዳር ገባ፤ እሱ ቀረ። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ አምስት ቅዳሜ። ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ፤ የለም። የመኪናውን ሾፌር ብጠይቀው «ኧረ ደህና ነው፤ ትናንት አይቼዋለሁ» አለኝ። ታሞ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጠዋት ጠዋት ጉብታው ላይ ስቆም ዓይኔ ጥዱን ትቶ መኪና ወደሚመጣበት መንገድ ይሄድ ጀመር።

ጥር ላይ ከደብረ ሲና ሽማግሎች መጡ። የላኳቸው ባለ ጭነት መኪና፣ ደህና ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ነው።

«ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ምን ልበላቸው ልጄ?» አሉኝ አባቴ።

«እስከ ሰኔ ይታገሡኝ፣ አባባ።»

«ሰኔ ላይ ምን አለ?»

«አላውቅም።»

አባቴ መጽሐፋቸውን አንሥተው «እሺ፤ እስከ ሰኔ» አሉ።

መጋቢት ላይ ከመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፣ ከአቶ ዘርአ ዳዊት፣ ወፍራም ፖስታ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ ጽሑፍዎ ስምዎ ተነሥቶ ለሁለት ገምጋሚዎች ተልኳል። እነሱ የእርስዎን ስም አያውቁም፤ እርስዎም የእነሱን አያውቁም። አንደኛው ይታተም ብለዋል። ሁለተኛው ሰባት ጥያቄዎች አሏቸው። ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥተው ሲመልሱልን፣ ሁለተኛው ገምጋሚ እንደገና አይተውት እንዲታተም ወይም እንዲቀር እንወስናለን።

ሰባት! ደሜ ፈላ። ማነው ይሄ አዲስ አበባ ሞቆት ተቀምጦ ስለ አንኮበር ጉም የሚጠይቀኝ? አንደኛውን አነበብኩ፤ ተገቢ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተገቢ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አራተኛው ላይ ደረስኩ።

«የካቲት 16 ቀን 1955፣ ጥርት ያለ ቀን፣ ጉም የለም ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያ ቀን ግን ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ እንኳ የማያሳይ ጉም ነበር። ጸሐፊው ምስክር ጠይቆ ያርም።»

ደብተሬን አውጥቼ ገለጥኩ። የራሴ ጽሕፈት ነው። ጥርት ያለ ቀን፤ ጉም የለም።

ሦስት ዓመት አንድ ሰዓት ሳላዛንፍ ጽፌ፣ በዚያች ቀን ቀላመድኩ። ስጽፈው ግን ልዋሽ አላሰብኩም። የዚያን ዕለት ቤቴ ስገባ ዓለም ሁሉ ብርሃን ሆኖ ነበር የታየኝ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከእኔና ከኩብራ ሌላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ነጠላዬን ለብሼ ወደ ደብረ ብርሃን ልሮጥ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። እሱ ፈራጄ ነው። ከእኔ ጋር ሲያወራ ቢታይ፣ ይታተም ቢል አድልቷል ይባላል፤ ያ ሁሉ ጠዋት የቆምኩበት ሥራ የወዳጅ ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ሰባት ጥያቄ የጻፈው፣ ደብዳቤዬን ያልመለሰው፣ ለዚህ ነው። ነጠላዬን አውልቄ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላውቅም።

አርብ አልዩ አምባ ገበያ ወርጄ ኩብራን አገኘኋት።

«ያን ዕለት ጉም ነበር ወይ?»

«ወላሂ ነበር! አህያዬ ገደል ልትገባብኝ አልነበር? አንቺ ምኑን ታዪው፣ እጅሽን ለሰው ሰጥተሽ!»

ለአራተኛው ጥያቄ መልሱን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ምስክር ተጠይቋል። ጉም ነበር። ስሕተቱ የጸሐፊው ነው፤ በዚያ ቀን ጸሐፊው ወደ ቆላው አልተመለከተም።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያነበዋል። ይገባዋል።

ሚያዝያ ላይ ፖስታውን ራሴ ላደርስ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ከስቷል። ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ኮቱን ይጎትተዋል፤ እሱ አይንቀሳቀስም። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመደ። ከዚያ እግሩን መለሰ። አንድ የደሴ መኪና በመካከላችን አለፈ፤ ሲያልፍ አሁንም እዚያው ነው። ፖስታውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ባርኔጣውን ደፋና ሄደ።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ «ምነው አለቀሱ?» አለኝ።

«ብርዱ ነው» አልኩት።

ከዚያ ሁለት ወር። ያለ ምክንያት ከመጠበቅ ምክንያቱን እያወቁ መጠበቅ ይቀላል የሚል ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ። በጠዋት ጉሙ ይነሣል፣ ጥዱ ይሰወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ወንበሬ የመጀመሪያው ቀን እሱ የተቀመጠባት ድንጋይ ነበረች። አባቴ አንድ ቀን «ሰኔ ገባ እኮ» አሉኝ። «አውቃለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሰኔ 11 ሐሙስ ደብዳቤው መጣ። «ጽሑፍዎ እንዲታተም ተወስኗል። ሁለተኛው ገምጋሚ በመልስዎ ረክተው ሥራቸውን ፈጽመዋል።» የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና መጣ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጧል። ከኮቱ ኪስ ሁለቱን ደብዳቤዎቼን አወጣ፤ እንደታሸጉ ናቸው።

«ለምን አልከፈትካቸውም?»

«ብከፍታቸው እመጣ ነበር።»

«አራተኛው ጥያቄ...» ስለው «ስለምን እንደምትናገሪ አላውቅም» ብሎ ዓይኑን ወደ ጥዱ አሸሸ።

«ደግ። የዚያን ዕለት ጉም ውስጥ ልትለኝ የነበረውስ ምን ነበር?»

«ሽማግሌ ልላክ ወይ? ልልሽ ነበር።»

«አባቴ ሰኔ ላይ ምን አለ ብለው ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«አላውቅም ነው ያልኳቸው። ሽማግሎችህ ይንገሯቸው።»

የቀረውን የነገሩኝ አቶ ዘርአ ዳዊት ናቸው፣ በሠርጋችን ቀን። ወርቅአገኘሁ ቁጥር የበዛባቸውን ጽሑፎች ለመጽሔቱ ይገመግም ኖሯል፤ ጽሑፌ እንደደረሰው ስለ ጥዱ አንብቦ የማን እንደሆነ ስላወቀ «ጸሐፊዋን አውቃታለሁ፤ ልፈርድ አልችልም፤ ለሌላ ይስጡልኝ» ብሎ መልሶት ነበር። እሳቸው ደግሞ «ያንን ጉም በዓይኑ ያየ ሌላ ገምጋሚ የለኝም። ፍረድ፤ ግን እስክንወስን ድረስ አትያት፣ አትጻፍላት፣ ምክንያቱንም ለማንም አትንገር» አሉት። እሺ አለ። ስለ ገምጋሚነቱ እስከ ዛሬ ለእኔ ለሚስቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መጽሔቱ ላይ ታርሞ ነው የታተመው፦ የካቲት 16፣ ጉም፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በቅርቡ ግን አሮጌ ደብተሬን የካቲት 16 ላይ ገልጦ፣ እርሳስ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ይሄ እኮ አልታረመም» አለኝ።

«የአንተ ሥራ አልቋል» አልኩት።

እርሳሱን አስቀመጠ።