በጠመኔውና በመቀሱ መሃል

«አለቀ?» አለ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት በሩን ገርበብ አድርጎ። ዓይኑ ልጅቷ ላይ ሳይሆን በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይ ነበር።

«አልቋል» አለች። የእረፍት ደወል ከተደወለ ጀምሮ የማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቆማለች። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ግቢ ያላት ግን የለም።

ወረቀቱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን መስመር አነበበና በአድናቆት አፏጨ። «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ! ጸሐፊዬ!»

ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ጸሐፊዋ» ሆናለች። ለምርጫ ሲወዳደር ንግግሮቹን በሙሉ የጻፈችለት እሷ ናት። ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፤ ወረቀት ላይ ግን የሚያቆማት የለም። እሱ ደግሞ መናገር ይችልበታል፤ የሚናገረው ነገር ነው የሚቸግረው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። የእረፍት ሰዓቷን ሁሉ ለእሱ ስትሰጥ የድሮ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሌላ አግዳሚ ወንበር ፈለጉ። ምርጫው ሲያልቅ እሱ ቢሮ አገኘ፤ እሷ ወንበሩን ለብቻዋ ወረሰችው።

«የኔ ጉዳይስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የቱ? እእ... የፈተናው! ለኔ ተዪው አላልኩሽም? ዛሬ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ እገባለሁ። ማስረጃሽም እዚሁ ነው» ብሎ የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «አቦ አትጨነቂ!» በሩ ተዘጋ።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት እናቷ በድንገት ታማ ሆስፒታል ገባች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ሌላ አስታማሚ አልነበረም፤ ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋው ጎን አልተነሳችም። የሳይንስ ማጠቃለያ ፈተና የተሰጠው በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ያለ እሱ ክፍል አይታለፍም። በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚመዘግቡት ግን እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አርብ ማለት ደግሞ ነገ ነው።

የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዛ ሦስት ጊዜ እስከ ምክትሉ በር ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ሰውዬው ሲቆጡ ድምፃቸው ከሜዳው ማዶ ይሰማል። በመጨረሻ ማስረጃውን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠችውና እፎይ አለች። ይህ ከሆነ ሳምንት አልፎታል።

ቤት ስትደርስ ጸጥ ብሏል። ድሮ ገና መንገድ ላይ ሳለች የስፌት መኪናው ድምፅ ይቀበላት ነበር። አሁን መኪናው ጨርቅ ተከናንቦ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ደንበኛ ሰማያዊ ጨርቅ በጠመኔ ተሰምሮ፣ ሳይቆረጥ፣ እናቷ በታመመችበት ቀን እንደተዘረጋ ነው።

ሾርባ አሙቃ እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምክትሉን አናገርሻቸው?»

«ልጁ ያናግርልኛል። ቃል ገብቶልኛል።»

«ስንተኛ ቃሉ ነው?»

ልጅቷ ሾርባውን አማሰለች። «እሱ እኮ መሪ ነው፣ እማ። እሱን ይሰሙታል። እኔን ማን ይሰማኛል?»

«እግዚአብሔር ይሰማሻል።»

«እግዚአብሔር ምክትሉ ቢሮ አይገባልኝም!» ካፏ ካመለጣት በኋላ ራሷ ደነገጠች።

እናቷ ግን ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባትና ትራሱን ተደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቀች። «ብቻሽን የምትገቢ መስሎሻል?» አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «ያንን ጨርቅ ታያለሽ? በጠመኔ ቢሳሳቱ ይራገፋል። መቀስ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው። ለዚህ ነው መሃል ላይ ቆም የምለው።»

ልጅቷ ታውቃለች። እናቷ አስምራ ስትጨርስ መቀሱን ታነሳና ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ሁለት ትንፋሽ ያህል። ደንበኞች ወገቧን ያመማት ይመስላቸዋል።

«ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?»

«ብዙም አልል። ‹አለህ አይደል?› እለዋለሁ። ከዚያ እቆርጣለሁ።»

«ከጸለይሽ በኋላ ተበላሽቶብሽ አያውቅም?»

«ስንቱ! ለአንድ ቦርጫም ሰውዬ የልጁን ሱሪ ቆርጬ ሰጥቻለሁ።» ሁለቱም ሳቁ። እናቷ የልጇን እጅ ያዘች። «የተበላሸ ቀንም ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ሰውን አትመኚው አልልሽም፤ ሰው ግን ይረሳል። ይፈራል። ቀን ይጎድልበታል። ሙሉ ክብደትሽን እሱ ላይ ካሳረፍሽ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።»

ልጅቷ በእናቷ ቀናች። እሷም ትጸልያለች፤ ግን ድርሰት እንደምትጽፍ ነው፤ ቃሉን መርጣ፣ መግቢያና መዝጊያ አበጅታ። ብዙ ጊዜ አንባቢ የሌለው ደብዳቤ ይመስላታል።

አርብ ጠዋት ፕሬዚዳንቱ በሰልፉ ፊት ንግግሩን አቀረበ። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን እያወራጨ፣ ቦታ ቦታው ላይ ዝም እያለ አሳመረው። «በዚህ ትምህርት ቤት ማንም ተማሪ ብቻውን አይቀርም!» ሲል ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷም አጨበጨበች። ከግራዋም ከቀኝዋም የቆሙት ልጆች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ፤ እሷን ዞር ብሎ ያየ የለም።

በእረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር አገኘችው። ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

«ምክትሉ ጋ ገባህ? አናገርካቸው?»

«ትናንት ገብቼ ነበር። ግን ስለ ተበላሸው የማኅበሩ ማይክራፎን አንስቼባቸው ሰውዬው ቱግ አሉ። ያንቺን መጨመር አልተመቸኝም» አለና አንገቱን አከከ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ በእውነትም አፍሯል። «ሰኞ ሲበርዱ እነግርልሻለሁ።»

«ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«ያስተካክሉልሻል፣ አይዞሽ። ማንም ብቻውን አይቀርም» ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

ያን ጊዜ ገባት። ይህን ቃል የጻፈችው እሷ ነች። መጀመሪያ የጻፈችው በምርጫው ሰሞን፣ የመጨረሻዋ ጓደኛዋ ወንበር በቀየረችበት ቀን፣ ለብቻዋ ተቀምጣ ነው፤ ለዛሬውም ንግግር ደገመችው። አንድ ሰው እንዲላት የምትፈልገውን ነገር በእሱ አፍ አስቀመጠችው፤ ከዚያ እሱ ሲናገረው ሰማችና አመነችው። አብራ ስታጨበጭብ የኖረችው ለገዛ ምኞቷ ነበር።

«ማስረጃዬን ስጠኝ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል? ሰኞ...»

«ስጠኝ።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አራት ቦታ ተጣጥፏል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የኳስ ቡድኑ አሰላለፍ ተጽፎበታል፤ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አንዱ ተሰርዞ በሌላ ተተክቷል። ፕሬዚዳንቱ ሲያየው ፊቱ ቀላ። «ውይ... ሌላ ወረቀት አጥቼ ነው። እ... የሚቀጥለው ንግግር ግን መቼ ይደርሳል?»

ማስረጃውን ይዛ ጥላው ሄደች።

የምክትሉ ቢሮ ያለው በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነበር፤ ኮቴዋ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም። እናቷ አልጋ ላይ ናት፤ ጓደኛ የላትም፤ የተመካችበት ልጅ ስለ ቡድኑ አሰላለፍ ያስባል። በሩ ጋ ደረሰች። የምትናገረውን አስቀድማ ልታዘጋጅ ሞከረች፤ ሁልጊዜ ቃል የማይጠፋት ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣች።

ለአራተኛ ጊዜ ልትመለስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ቆመች።

ማስረጃውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። መግቢያ አላበጀችም፤ ቃል አልመረጠችም።

«አለህ አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

መልስ አልሰማችም። ሁለት ትንፋሽ ያህል ብቻ ጠበቀች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ኮሪደሩ ግን እንደ ቅድሙ ባዶ አልመሰላትም። ምክትሉ እሺ ይሉ እንደሆን አታውቅም። ተቆጥተው ሊያባርሯት ይችላሉ። የኳሱን አሰላለፍ አይተው ሊሳለቁባትም ይችላሉ።

በሩን አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ወፍራም ድምፅ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን የራሷ ነበር። እጀታውን ይዛ ገፋ አደረገችው።