ከፊት ያለው ባጃጅ ሲንቀሳቀስ

የባጃጅ ሹፌሩን ይስማውን የሰደበው ደጀን ነው፤ የቤዛ ታላቅ ወንድም። የሰደበውም በግንቦት፣ በገበያ ቀን፣ መርሳ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ስምንተኛን የወደቀ ነው እህቴን ለአስራ ሁለተኛ የሚያዘጋጃት? አንተ ሂድና ፍሬንህን አሠራ!» ሹፌሮቹ ሳቁ፤ ቲማቲም ሻጮቹም ሳቁ። ይስማው የሳቁትን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

ያቃጠለው ግን ሳቁ አይደለም። ቤዛ ባጃጁ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። በስፖኪዮው አያት፤ ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ተክላ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ደረቱ እንደተኙበት ክንድ ደነዘዘ።

የተዋወቁት ከስድቡ በፊት፣ በበልግ ዝናብ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዝናቡ ቢይዛት ባጃጁ ውስጥ ገባች። ተራው እስኪደርሰው ድረስ የታሪክ ጥያቄዎች አውጥታ ትሠራ ጀመር፤ አንዱ ላይ ግን ተገትራ ቀረች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ዘመነ መሳፍንት! አውቀዋለሁ እኮ፣ ሁለቱ ምርጫዎች ይመሳሰሉብኛል። በሞዴል ፈተናም እዚህ ስገተር ነው ሰዓቱ ያለቀብኝ።»

«እኔ ልሳፈር አልሳፈር የሚል ሰው ካጋጠመኝ ቆሜ አልጠብቅም። ስመለስ ካለ አነሳዋለሁ።»

«መሳፍንቱን መንገድ ላይ ጥዬ?»

«ጣያቸው! የት ይሄዳሉ?»

ሳቀች። በማግስቱም መጣች፤ በሠልስቱም። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ከፊታቸው ያለው ባጃጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ጨረሰችም አልጨረሰች ገጹን ትገልጣለች። የዘለለቻቸውን የመስመሩ መጨረሻ ሲሪንቃ ደርሰው ሲመለሱ ትሠራለች። ስትጨርስ ቀና ትላለች፤ በስፖኪዮው ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ሁለቱም ዝም። ይስማው ያን ዝምታ እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረው።

ከስድቡ በኋላም መምጣቷን አልተወችም። አሁን ግን የምትሳፈረው ከተራው ራቅ ብላ፣ ደጀን ከማያያት ቦታ ነው። ይስማው «ግለጪ» ከማለት በቀር አይናገርም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ሰው ፊት «ያስተማረኝ እሱ ነው» እንድትል።

ወልድያ ተፈትና የተመለሰች ዕለት ቤተሰቡ መናኸሪያው በር ላይ ተቀበላት። ይስማውም እዚያው ተራ ይዞ ቆሟል።

«ታሪኩስ? ሰዓቱ በቃሽ?» አሏት እናቷ ወይዘሮ ታደለች አገላብጠው እየሳሟት።

«ተረፈኝ እማዬ! የከበደኝን እየዘለልኩ ሄድኩ፤ ስመለስ ሁሉንም አነሳኋቸው።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ይሄንን ማን አስተማረሽ?»

ደጀን አጠገባቸው ነው። ይስማው መሪውን ጨብጦ ጠበቀ።

ቤዛ ወደ ባጃጁ አየት አደረገችና ወደ እናቷ ዞረች። «ማን ያስተምረኛል? ራሴው ነኛ።»

እነሱ ሻንጣዋን ሲያነሱ ሹልክ ብላ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ይስማው፣ እነሱ ፊት ምን ልበል? ደጀንን ታውቀው የለ? ልቤ ካንተ ጋር መሆኑን አንተ ካወቅክ አይበቃም?»

ያለ ስፖኪዮ፣ ፊት ለፊት አያት። ከግንቦት ጀምሮ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ፈለገው፣ አጣው። ያኔ ያቃጠለውንም ሕመም ፈለገው፤ እሱም የለም።

ከፊቱ ያለው ባጃጅ ተንቀሳቀሰ። የኋላው ጥሩምባውን ነፋ።

«ተራህ ደረሰ እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ነገር በለኝ እንጂ።»

ቁልፉን ነቀለ፤ ወረደ። ባጃጁን በተራው ላይ እንደቆመ ትቶት፣ ከከተማው ወደ ግራና የሚያስወጣውን መንገድ ይዞ በእግሩ ሄደ።