ከውጭ የሚዘጋው በር

ዶን ኤቫሪስቶ የተገኙት በደረታቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን በበሩ ሥር ወዳለችው ክፍተት ዘርግተው ነበር። ጥፍራቸው ውስጥ የበሩ አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ክፍሏ ድሮ የቆዳ ማከማቻ ስለነበረች መስኮት የላትም፤ የብረት በሯም የሚቀረቀረው ከውጭ ብቻ ነው። የእህታቸው ልጅ ሲትላሊ ጠዋት መጥታ እጀታውን ስትጫን ግን በሩ አልተቀረቀረም ነበር። አጎቷን ከማየቷ በፊት አፍንጫዋን የወጋት ሽታ አሁንም አልለቀቃትም፤ በረኪና በረኪና ይላል።

መርማሪዋ ኦቲሊያ ኬሳዳ አስከሬኑ እንደተነሳ የቆዳ ሥራ ወርክሾፑን ተጠቅላይ በር እስከ መሬት አስወረደች። ውጭ የሌዮን ከተማ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ውስጥ አየሩ ሙጫና ላብ ብቻ ሆኗል።

«ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይወጣም» አለች።

የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዷ ሲትላሊ። ሁለተኛው ቆዳ ላይ በመዶሻና በመሮ አበባ ሲቀርጹ ያረጁት ዶን ካስቱሎ። ሦስተኛው እንደ ልማዱ ጠዋት ጥቅል ቆዳ ተሸክሞ የመጣው አቅራቢ፣ ባሲሊዮ ሬንቴሪያ።

«ቆዳ በጨረር የሚቀርጸውን የሌዘር ማሽን ያመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለች ኦቲሊያ ወደ ሲትላሊ ዞራ።

«አዎ። አጎቴን ማስተማር ከጀመርኩም ገና ቅርብ ጊዜዬ ነው።»

«ምን አስተማርሻቸው?»

«መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ እንዲሞክሩ፤ ጨረሩን አዳክመው ቶሎ ቶሎ እንዲያስኬዱት። ቆዳውን በእርጥብ ስፖንጅ አበስ አድርገው የወረቀት ፕላስተር እንዲለጥፉበት፤ አለዚያ ጥቀርሻው የቅርጹን ዙሪያ ያበላሸዋል። ፕላስቲክ ደግሞ በፍጹም እንዳይነኩ! ጭሱ መርዝ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አስም አለባቸው።»

«ይሰሙሽ ነበር?»

ሲትላሊ ሳታስበው ፈገግ ልትል ነበር። «ፕላስተሩን እንኳ እምቢ ብለዋል። ‹ሙሽራ ነው እንዴ የምታከናንቢው? የቆዳውን ፊት ሳላይ አልሠራም› ይሉኛል።»

«ማሽኑ ያለባት ክፍል የጭስ መሳቢያ ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነው። ጠፍቶ ነው ያገኘነው።»

«ትናንት ወደ ቤቴ ስሄድ እየሠራ ነበር።»

«ስትሄጂ ማን አየሽ?»

ማንም አላያትም። ሲትላሊ የተዘጋውን ተጠቅላይ በር ተመለከተች። ግድግዳው አንድ እርምጃ የቀረባት መሰላት።

«ተያት እንጂ ልጄ» አሉ ዶን ካስቱሎ። «ተጠርጣሪ ከሆነ የፈለግሽው እኔ አለሁልሽ። ያ ሳጥን እኮ ሥራዬን ሊቀማኝ የመጣ ነው።»

«ታዲያ ሳጥኑን ለምን አልሰበሩትም?»

«ስንፍና! ደግሞ ትናንት ጓካማያ ሳንድዊቼን ይዤ ስታዲየም ነበርኩ። ቡድናችን ሲሸነፍ እንደ ሕፃን ሳለቅስ ያላየኝ ሰው የለም።»

«እዚህ ላይ አይዋሹም፣ አገር ያወቀው ለቅሶ ነው» አለ ባሲሊዮ።

«አንተ ዝም በል! ሚስትህን እንኳ በዚያ የቆዳ መለኪያህ ውፍረቷን ሳትለካ አላገባሃትም።»

ባሲሊዮ የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «የአያቴ መለኪያ ነው። በየእሁዱ ዘይት ይጠጣል፤ ዝገት የሚባል አያውቅም። በቆዳ ውፍረት ከኔ ጋር የሚከራከር ሰው ይህን ከተማ ቢለቅ ይሻለዋል።»

«እርስዎ ከዛሬ በፊት መጨረሻ እዚህ የመጡት መቼ ነው?» አለች ኦቲሊያ።

«ባለፈው ሳምንት። ማሽኑ ያለበት ክፍል ግን ገብቼም አላውቅ።»

ኦቲሊያ ሲትላሊን አስከትላ ወደ ክፍሏ ገባች። ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉት መቀሶችና ወስፌዎች ቀይ አቧራ ለብሰዋል።

«እነዚህ ትናንት ያብረቀርቁ ነበር!»

መርማሪዋ አንዱን መቀስ በጣቷ ዳበሰችና ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ማሽኑ ላይ የነበረውን ቁራጭ ቆዳ አነሳች። የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል።

«ይህ የማን እጅ ሥራ ነው?»

ሲትላሊ ገና ስታየው አውቃዋለች። የፈረሱ ጋማ ዙሪያ አንዲት የጥቀርሻ ነጥብ የለበትም። ለናሙና ብላ ራሷ የሠራችው፣ መደርደሪያ ላይ የነበረ ነው። አላውቅም ብትል ማን ይከራከራታል? የኔ ነው ብትል ግን ሰውየውን የገደለው ሥራ የሷ መሆኑን በገዛ አፏ መመስከሯ ነው።

«የኔ ነው» አለች። «መደርደሪያው ላይ ነበር። እዚህ ማን እንዳመጣው አላውቅም።»

«እሺ» አለች ኦቲሊያ። ሲትላሊ የሆነ ቦታ መቀርቀሪያ ሲገባ የሰማች ያህል ደነገጠች።

ሁሉም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ኦቲሊያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ዶን ካስቱሎ፣ ቆዳ ሲቃጠል ምን ይሸታል?»

«የተቃጠለ ፀጉር ነዋ! ጎረቤቱ የሚሰድበን በምን ሆነና?»

«ይህ ክፍል ግን በረኪና ይሸታል። አንዳንድ የፕላስቲክ ቆዳ በጨረር ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ እንዲህ ነው፤ ሳንባ ይለበልባል፣ ብረትንም በአንዲት ሌሊት ያዝጋል። መቀሶቹን አይታችኋል። ዶን ኤቫሪስቶ ትናንት ያቃጠሉት ፕላስቲክ ነው። ማሽኑ ላይ ያገኘነው ግን እውነተኛ ቆዳ። ስለዚህ አንድ ሰው ለውጦታል።»

«ቁራጩ የማን ነው ታዲያ?» አለ ባሲሊዮ።

«የሲትላሊ። ጠየቅኳት፣ ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ገዳይ ብትሆን የራሷን ሥራ አስቀምጣ፣ ‹የኔ ነው› ብላ አንገቷን አትሰጠኝም። ደግሞ አጎቷ ፕላስተር እንደማይለጥፉ ታውቃለች፤ እንዲህ ንጹሕ ቅርጽ በሳቸው ስም ለማሳለፍ አትሞክርም። የለወጠው ሰው ይህን አያውቅም። ፕላስቲኩ ላይ የፈረስ ራስ አየ፣ ፈረስ በፈረስ ተካ።»

ሲትላሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ እስኪሞላ ተነፈሰች።

«ፕላስቲክ እንዳያቃጥሉ የተነገራቸው ሰው ለምን አቃጠሉ?» ቀጠለች ኦቲሊያ። «እውነተኛ ቆዳ ነው ተብሎ ስለተሸጠላቸው። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ቆዳ ከጀርባው ስስ ቆዳ ይለጠፍበታል፤ ፊቱ ፕላስቲክ ነው። ዓይን ይታለላል፤ ጨረሩ ሲነካው ግን ሽታው ያጋልጣል።»

«ሴትዮ፣ ከኔ የሚገዛው ግማሽ ከተማ ነው! ነገር አታጣምሚ» አለ ባሲሊዮ።

«ልክ ነዎት፣ እኔ ስለ ቆዳ ምን አውቃለሁ?» ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። «ይሄን ራሱ አራት ሚሊ ውፍረት አለው ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«አራት? እንኳን አራት፣ ሁለት ተኩልም አይሞላ!»

ቃሉን ሳይጨርስ እጁ ኪሱ ገብቶ ነበር። መለኪያውን አወጣና የብረቱን አፍ ሊከፍት ሞከረ። አልተከፈተም። ጨክኖ ሲታገለው ጣቶቹ ቀይ ሆኑ።

«ዝገት አያውቅም አላልክም?» አሉ ዶን ካስቱሎ ቀስ ብለው።

«መለኪያህ ያን ጭስ ጠጥቷል» አለች ኦቲሊያ፤ አሁን አንቱታው ቀርቷል። «እዚያ ክፍል ረስተኸው በሩን ቀርቅረህ ወጣህ። ሰውየው ከሞቱ በኋላ መቀርቀሪያውን ከፍተህ ቁራጩን ልትለውጥ ስትመለስ፣ ዝገቱን ሳታይ ኪስህ ውስጥ ጨመርከው።»

ባሲሊዮ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ሽታው እንደወጣ ፕላስቲክ መሆኑ ገባቸው። ‹ለገበያው ሁሉ እነግርብሃለሁ› አሉኝ። እስኪበርድላቸው ብዬ ነው የቀረቀርኩት፤ መግደል አላሰብኩም።»

«ጭስ መሳቢያውንስ ለምን አጠፋኸው?»

ባሲሊዮ ቀይ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ተጠቅላይ በሩን ሽቅብ ገፍተው ባሲሊዮን ይዘው ወጡ፤ ብርሃንና የእርጥብ አስፋልት ሽታ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ተለቀቅሽ እኮ» አሉ ዶን ካስቱሎ።

ሲትላሊ አልወጣችም። «መፍቻዎ የት አለ?»

ሽማግሌው ከመሮዎቻቸው መሃል ፈልገው ሰጧት። ወደ አረንጓዴው በር ሄዳ የመቀርቀሪያውን ብሎኖች አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። የመጨረሻው አስቸገራት። ዶን ካስቱሎ አጠገቧ መጥተው በሩን በትከሻቸው ደግፈው ያዙላት።

«ማሽኑንስ ትሸጪዋለሽ?»

«አልሸጠውም» አለች፤ ብረቱ መሬት ላይ ሲወድቅ። «እርስዎንም አስተምርዎታለሁ፤ ይህ በር ተከፍቶ።»